የአንጎል ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ለገና መንዝ፣ አያቴ ጋ ነበርኩ። ምድጃ ዳር ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። እንዝርቷ አንዴም አልሳተ። ቀና ብላ ግን «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። ነገርኳት። አገላብጣ ሳመችኝ። ቶናው ሳይቀዳ ደግማ ጠየቀችኝ።

ለበዓሉ የሷ ዶሮ ወጥ ብቻ ያለ ቅቤ ተሠርቷል። «ኮሌስትሮል ነው ጭንቅላቷን የያዘው» አለችኝ አክስቴ። ያን ሁሉ ጾም ጾማ እንደዚያ መብላቷ አንጀቴን በላው። ነገሩ እንደሚባለው አይደለም።

ኮሌስትሮል የስብ ዘመድ ነው። ያለሱ ሴል ሽፋኑን አይሠራም። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከሰውነታችን ኮሌስትሮል ግን 20 በመቶ ገደማው የሚገኘው እሱ ጋ ነው። አብዛኛው ማየሊን ውስጥ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦን ፕላስቲክ እንደሚሸፍነው የነርቭ ክሮችን የሚሸፍን ልባስ ማለት ነው።

ይህ ኮሌስትሮል ከቅቤ የመጣ አይደለም። በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ። የደሙ ኮሌስትሮል አጥሩን አያልፍም ማለት ይቻላል። አንጎል የሚፈልገውን እዚያው ያመርታል። ላብራቶሪ የሚሰጠን ቁጥርም የደሙን እንጂ የአንጎሉን አይነግረንም።

በአዋቂ ሰው አንጎል ዋና አምራቾቹ አስትሮሳይት የሚባሉ ረዳት ሴሎች ናቸው። የነርቭ ሴሎች ከነሱ ይቀበላሉ። ግን ስብ ውሃ ውስጥ እንዴት ይጓዛል? በደብረ ብርሃን ብርድ ያደረ የበግ ቅቅል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ስቡ ላይ ላዩን ይረጋል። ስለዚህ ኮሌስትሮሉ ከፕሮቲን ጋር ይጠቀለላል። ጥቅሉ ሊፖፕሮቲን ይባላል። አንጎል ውስጥ ጥቅሉን የሚጠቀልለው ዋናው ፕሮቲን አፖ-ኢ ነው።

ጭነት ደጅ ሲደርስ የሚያወርድ ሰው ይፈልጋል። ሴሉ ላይ ያንን የሚሠራው ተቀባይ ይባላል። ኤልዲኤል ተቀባይና ኤልአርፒ-1 ዋነኞቹ ናቸው። አፖ-ኢን ይዘው ጥቅሉን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከዚያ ለሌላ ጭነት ወደ ደጁ ይመለሳሉ። የኤልዲኤል ተቀባይን ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። የተረፈውን ኮሌስትሮል ደግሞ አንጎል መልኩን ቀይሮ ወደ ደም ያስወጣዋል። ሚዛኑ የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሥራ ይዳከማል። በተለይ ትውስታን በሚይዘው ሂፖካምፐስ ምርቱ ይቀንሳል። በአንጎል ደም ሥሮች ላይ ያለው ኤልአርፒ-1ም ይመናመናል። እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ አሚሎይድ ቤታ የተባለውን ዝቃጭ ከአንጎል ጠርጎ ያስወጣል። በአልዛይመር ሕመም የሚከማቸው ይኸው ዝቃጭ ነው።

አፖ-ኢ ሦስት ዋና ዋና ዓይነት አለው፤ ቁጥራቸው 2፣ 3 እና 4 ነው። 4 ቁጥር የተሰጠው፣ አፖ-ኢ4፣ ስብ በደንብ አይሸከምም። ከአልዛይመር ጋር መያያዙ የታወቀው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም፤ የሌለበትም ይታመማል።

ታዲያ የደም ኮሌስትሮል ምንም አያደርግም? ያደርጋል። በጎልማሳነት ዕድሜ ኤልዲኤል፣ «መጥፎ» የሚባለው የደም ኮሌስትሮል፣ መብዛቱ የመርሳት በሽታ ስጋትን ከሚጨምሩት አንዱ መሆኑን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ደም ሥሮችንም ይጎዳል። ለኮሌስትሮል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በራሱ ማቆም የለበትም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስነግራት «እና ምን እናድርግላት?» አለችኝ። እናስመርምራት አልኳት። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት ሰውን ያስረሳሉ፤ ሦስቱም ሕክምና አላቸው። የጆሮ መድከምም የዘነጋች ያስመስላል።

ከጥምቀት በኋላ ደብረ ብርሃን ይዘናት ወረድን። እንዝርቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የመጣችው።