ኬላ 300፦ በቤተ ልሔምና በኢየሩሳሌም መካከል ያለው የፍተሻ በር

ኬላ 300 ከኢየሩሳሌም ወደ ኬብሮን በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ላይ፣ ከራሔል መቃብር አጠገብ፣ በቤተ ልሔም ሰሜናዊ ጫፍ ይገኛል። እስራኤል በራሔል ስም ትጠራዋለች፤ ፍልስጤማውያን ቁጥሩን ብቻ ይላሉ። ቅርቡ ካለው ሰፈር ተነሥቶ «ጊሎ» የሚለውም አይጠፋም። ከልደት ቤተ ክርስቲያን 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዌስት ባንክ ነዋሪ ከ1972 ጀምሮ በአጠቃላይ ፈቃድ ወደ እስራኤል ይገባ ነበር። በ1991 ይህ ቀርቶ ሰው ሁሉ የግል ፈቃድ፣ በዐረብኛ ተስሪሕ የሚባለውን፣ እንዲያወጣ ተደረገ። እስራኤል ከዌስት ባንክ የምትለይበት ግንብ ሥራ በ2002 ተጀመረ፤ የፍተሻው አዳራሽ የተከፈተው በ2005 መጨረሻ ነው። እስራኤል ግንቡን የሠራሁት የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ለማስቆም ነው ትላለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ግን በሐምሌ 2004 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ በተያዘ መሬት ላይ መገንባቱ ሕግ መጣስ ነው ብሏል።

እስከ ጥቅምት 2023 ጦርነት ድረስ ለሥራ ወደ እስራኤል የሚሻገሩት ፍልስጤማውያን ሰልፍ ከሁሉ የሚከፋው እሑድ ነበር፤ የእስራኤል የሥራ ሳምንት የሚጀምረው በዚያ ቀን ነውና። ግንበኛው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሥራው ቦታ ለመድረስ ከኬብሮን አካባቢ በውድቅት ይነሣ ነበር፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በሩ ላይ ሰው ይሞላ ነበር። በአንድ ጎኑ የኮንክሪት ግንብ፣ በሌላው የብረት ፍርግርግ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ተጣብቀው ይቆሙ ነበር። የቸኮለ ፍርግርጉን ይዞ ከሰው ራስ በላይ ይንጠላጠል ነበር። ቡናና ዳቦ ሻጩ ዳር ዳሩን ይይዝ ነበር።

ቀጥሎ አንድ አንድ ሰው የሚያሳልፈው ተሽከርካሪ የብረት በር ይመጣል። ቁልፉ በወታደሩ እጅ ነው፤ አዳራሹ ሲሞላ ከውስጥ ይቆልፈዋል፣ ከኋላ ያለው ግን መግፋቱን አያቆምም። ከዚያ ቀበቶ ፈትቶ፣ ሞባይልና ሳንቲም አውጥቶ በብረት መፈተሻው ማለፍ፤ በመጨረሻም መስኮቱ ላይ መታወቂያና ፈቃድ ማሳየት፣ እጅንም ማሽኑ ላይ መጫን ነበር። ሲሚንቶ የበላውን መዳፍ ማሽኑ አላውቅም ሲል ሰልፉ በሙሉ ይቆም ነበር። ፈቃዱ መሰረዙን እዚያው መስኮቱ ላይ የሚሰማ ነበር፤ የመጣበትን ሰልፍ እየገፋ ይመለስ ነበር። መስኮቶቹ ብዙ ሆነው ሳለ በጥድፊያው ሰዓት የሚከፈቱት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው የቆየ አቤቱታ ነው። ለሴቶች፣ ለሕመምተኞችና ለአረጋውያን የተለየ በር አለ፤ ሁልጊዜ ግን በሰዓቱ አይከፈትም።

በ2019 መታወቂያ አንብበው፣ ፊት በካሜራ ለይተው የሚከፈቱ በሮች ተተከሉና የሰልፉ ቆይታ በብዙ አጠረ። ከጥቅምት 2023 ጦርነት ወዲህ አብዛኛው የሥራ ፈቃድ ስለታገደ የሌሊቱ ሰልፍ እንደቀድሞው አይደለም።

ለጎብኚ ወደ ቤተ ልሔም መግባት ቀላል ነው፣ የሚጠይቅ የለም። ፍተሻው ሲመለስ ነው። የቡድን አውቶቡስ በተሽከርካሪ መስመር ያልፋል፤ ወታደር ወጥቶ ፓስፖርት ያያል፣ ሲያሻው ሁሉንም ያስወርዳል። በኢየሩሳሌም ካለው የደማስቆ በር የሚነሣው 231 ቁጥር አውቶቡስ በሌላ ኬላ፣ በዋሻው መንገድ ይዞራል፤ እዚያ ፍልስጤማውያኑ ወርደው ሲሰለፉ ጎብኚው ብዙውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሣም። በእግር የሚመለስ እሑድ ማለዳን ይተው፤ ከሰዓት በኋላ ብዙው ሰው የሚተመው ወደ ቤተ ልሔም ስለሆነ የመመለሻው መስመር ቀለል ይላል።

ለእኛ ተሳላሚዎች ትልቁ ቀን የልደት ዋዜማ ነው፤ ሊቀ ጳጳሳችን ከካህናቱ ጋር፣ እንደ ጥንቱ ሥርዓት፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም የሚወርዱበት። ፓስፖርት ላይ ማኅተም ስለማይመታ አየር ማረፊያ የተሰጠችውን ትንሽ ሰማያዊ የመግቢያ ወረቀት አብሮ መያዝ ይገባል። የእስራኤል ዜግነት ያለው ዘመድ አስጎብኚ ሆኖ ሊከተል ካሰበ ግን ቀዩን ሰሌዳ ያንብብ፦ ቤተ ልሔም በፍልስጤም አስተዳደር ሥር ባለው፣ «ኤ» በሚባለው ክልል ውስጥ ስለሆነች የጦሩ ትእዛዝ የእስራኤል ዜጎች እንዳይገቡ ይከለክላል።