ሃምሳ ሎሚ እና 129 አሃዝ ያለው ቁጥር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ያልሰማ የለም። እድር ላይ ይነሳል፣ መዋጮ ሲሰበሰብ ይነሳል። አብዛኛው ሰው «ተባበሩ» ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር አለው ባይ ነኝ።

ለመተባበርማ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለልን። እዚያ ክሮቹ ተገምደው አንድ ይሆናሉ። ሎሚ ግን አይገመድም። ሁሉም የየራሱን አንዷን ይዞ ይሄዳል። የአባባሉ መነሻም ሎሚው ራሱ ነው፦ አንዷን በእጅ ይዘው እያሸተቱ ሲሄዱ ታምራለች፣ በጥምቀትም ጎረምሳው ለወደዳት የሚወረውራት እሷኑ ነው። ሃምሳውን አንድ ሰው ይሸከም ሲባል ነው ጣጣው። ክብደቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየ አንድ ግዙፍ ቁጥር አለ፤ አርኤስኤ-129 ይባላል። 129 አሃዝ አለው፣ በ114 ይጀምርና በ541 ያልቃል። ጎዶሎ ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር ግን አይደለም፤ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮች ብዜት ነው። ሁለቱን ማባዛት ቀላል ነው፣ ከብዜቱ ተነስቶ እነሱን ማግኘት ግን መከራ ነው፤ ለምስጢር መልእክት መቆለፊያነት የተመረጠውም ለዚሁ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ቁጥር ቆልፈው ያቀረቡትን መልእክት ለመፍታት ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጃል ተብሎ ነበር።

የአንድ ሰው ሸክም ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ፍራንክ ኮልን እንውሰድ። ይህ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1903 እ.ኤ.አ. የ147,573,952,589,676,412,927ን ሁለት አካፋዮች አቀረበ፤ 193,707,721 እና 761,838,257,287 ናቸው። የሦስት ዓመት እሁዶቹን እንደፈጀበት ይነገራል። ቁጥሩ እኮ 21 አሃዝ ብቻ ነው!

አርኤስኤ-129ን ግን 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች ተካፈሉት። ከ20 በላይ አገሮች ተበትነው፣ 1,600 ገደማ ኮምፒውተሮች ይዘው፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ሠርቶ ውጤቱን በኢሜይል ይልካል። አንዱ የሌላውን መጨረስ አይጠብቅም፤ እዚህ ላይ ነው ሎሚው የሚታየኝ። ስምንት ወር ያህል ፈጀ። የመጨረሻው ስሌት ግን እንደዚያ የሚበተን አልነበረም፤ የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ 45 ሰዓት ወሰደ። ሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. መልሱ ወጣ፦ አንዱ አካፋይ 64 አሃዝ፣ ሌላው 65 አሃዝ አለው። የመጀመሪያው በ7፣ ሁለተኛው በ3 ያልቃል። 7 በ3 ሲባዛ 21 ነው፣ ቁጥሩም የሚያልቀው በ1 ነው።

ሽልማቱ 100 ዶላር ነበር። ለ600 ሰው ቢካፈል ለአንዱ 17 ሳንቲም እንኳ አይደርሰውም፤ ለነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰጡት።