ከቡድን ቡድን የሚዞረው ተከላካይ፦ ስለ ኤንኤፍኤል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ ፉትቦል ሲነሳ አብዛኛው ሐበሻ የሚያውቀው ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ነው፤ ከዚያ የዋንጫውን ጨዋታ ሱፐር ቦውልን፣ ከዚያ የእረፍት ሰዓቱን ዘፈን። የሜዳው ጥግ ላይ ኳስ ተቀባዩን እግር በእግር የሚከተለውን ኮርነርባክ፣ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ቀዳዳ የሚደፍነውን ሴፍቲ በስሙ የሚጠራ ጥቂት ነው። ሁለቱንም ዲፌንሲቭ ባክ ይሏቸዋል። ከእነሱ መካከል ደግሞ ዘንድሮ አሪዞና፣ ከርሞ አትላንታ የሚገኝ፣ ማሊያ ሲቀያይር ዕድሜውን የሚጨርስ ተጫዋች አለ። ስለዚህ ሰው የምንለው ነገር አብዛኛው ከአውሮፓ እግር ኳስ ዝውውር የለመድነው ስለሆነ በአሜሪካ ፉትቦል ዋናው ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ውስጥ አይሠራም።

«ቡድን የሚቀያይረው ስለማይችል ነው»

በጣም የተለመደው ይኸኛው ነው፤ በጣም የተሳሳተውም። ጀስቲን ቤቴልን እንውሰድ። ደቡብ ካሮላይና ካለው ትንሹ ፕሬስቢቴሪያን ኮሌጅ ወጥቶ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት በ2012 ድራፍት አሪዞና ካርዲናልስ በ6ኛው ዙር መረጠው። ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ምርጦች ለሚሰባሰቡበት ፕሮ ቦውል ተመረጠ። ከዚያ በኋላ አትላንታ፣ ባልቲሞር፣ ኒው ኢንግላንድ፣ ማያሚ።

በጥቅምት 2019 ባልቲሞር ሬቨንስ በውድድሩ መሃል አሰናበተው። አጨዋወቱ ተበላሽቶ አይደለም። ሊጉ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾችን በሌሎች ለተነጠቀ ቡድን በሚቀጥለው ድራፍት ማካካሻ ምርጫ ይሰጣል፤ ቡድኑ በምትካቸው ያስፈረማቸው ሰዎች ደግሞ ከዚያ ሒሳብ ላይ ይቀነሳሉ። ቤቴል በዝርዝሩ ላይ ከቆየ ባልቲሞር አንድ ምርጫ ሊቀርበት ነበር። ስለዚህ ሸኘው። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ወሰደውና እስከ 2021 አቆየው። እንዲህ ዓይነቱን ስንብት «ተባረረ» ብሎ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ትንሽ እናደዳለሁ።

ደመወዙም የራሱ ጣጣ አለው። የሊጉ ዝቅተኛ ክፍያ ከአገልግሎት ዘመን ጋር ያድጋል፤ በ2024 ለጀማሪ 795,000 ዶላር፣ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ለቆየ 1,210,000 ዶላር ነበር። ቡድኖች የደመወዝ ጣሪያ ስላለባቸው፣ ሥራቸው እኩል ከሆነ ልጁ ይረክሳል፣ አንጋፋው ይሄዳል። ይህን ለማለዘብ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በተፈራረሙት የጋራ ስምምነት ውስጥ አንድ ብልሃት ገብቷል፦ አንጋፋው በዝቅተኛው ደመወዝ ሲፈርም እሱ ሙሉውን ይቀበላል፣ ከቡድኑ ጣሪያ ላይ የሚያዘው ግን የሁለት ዓመት ተጫዋች ክፍያ ያህል ብቻ ነው። ይህ ባይኖር ብዙዎቹ በ28 ዓመታቸው ቤታቸው በተቀመጡ ነበር።

«ከፈረመ ገንዘቡ የእሱ ነው»

በአውሮፓ እግር ኳስ ክለቡ ተጫዋቹን ባይፈልገውም ውሉ እስኪያልቅ ይከፍለዋል፤ ልሽጥህ ሲለውም ተጫዋቹ አልሄድም ማለት ይችላል። ኤንኤፍኤል ውስጥ ከፈረመው ውል ዋስትና ያለው የተወሰነው ክፍል ብቻ ነው፤ ተራ ተጫዋች ደግሞ ያ ክፍል እጅግ ትንሽ ነው። ቡድኑ ለሌላ ቡድን ሲለውጠውም ውሉ ላይ የተለየ አንቀጽ ከሌለ ፈቃዱን አይጠይቅም። ዜና ላይ የሚነገረው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል።

መሠረታዊ ደመወዝ የሚታሰበው በውድድሩ ሳምንታት ነው። በበጋው ልምምድ 90 ሰው ይሰለፋል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 53 ይቀራል። በዚያ ቀን የወደቀ ሰው ዋስትና ከሌለው የዚያ ዓመት ደመወዙን አያይም። ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ ሌላም ነገር ይኖራል፦ ከተጎዳና በጉዳት መዝገብ ከተቀመጠ ደመወዙ ዝቅ ይላል የሚል አንቀጽ።

እዚህ ላይ ተመልካች የማያየው አንድ ነገር አለ። አራት ዓመት የሞላው ተጫዋች በመጀመሪያው ጨዋታ ሳምንት በ53ቱ ውስጥ ካለ፣ ከዚያ በኋላ ቢሰናበት እንኳ የዓመቱን ቀሪ ደመወዝ የመጠየቅ መብት አለው፤ በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ። ቡድኖች ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዱን አንጋፋ የመጀመሪያው ጨዋታ እስኪያልፍ ያስጠብቁትና በማግስቱ ይደውሉለታል።

«የልምምድ ቡድን ውስጥ ያለ የወደቀ ነው»

ከ53ቱ ውጭ እያንዳንዱ ቡድን 16 ያህል ሰው ለልምምድ ይይዛል፤ ፕራክቲስ ስኳድ ይሉታል። በ2024 የጀማሪው ክፍያ በሳምንት 12,500 ዶላር ነበር። ቡድኑ ሰው ሲጎድልበት ከዚያ አንዱን ለጨዋታ ቀን ያሳድገዋል፤ አንድን ሰው በአንድ ዓመት እስከ ሦስት ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ሌላ ቡድን ደግሞ በዋናው ዝርዝር ላይ ላስፈርመው ካለ ተጫዋቹ ዕቃውን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል። የኮርነርባክ ጉዳት በማያቋርጥበት ሊግ ይህ ወረፋ በጣም ፈጣን ነው።

«ኢንተርሴፕሽን ከሌለው ምን ይሠራል?»

ንናምዲ አሶሙጋ በ2006 ለኦክላንድ ሬይደርስ ስምንት የተወረወረ ኳስ ነጠቀ፤ ኢንተርሴፕሽን የሚባለው ይኸው ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ አንድ አንድ፣ በ2010 ደግሞ ምንም። ሰነፈ? በጭራሽ። ኳርተርባኮች ወደ እሱ በኩል መወርወር አቁመው ነበር። በ2011 ፊላደልፊያ ኢግልስ በ5 ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። በሌላ በኩል የዳላሱ ትሬቮን ዲግስ በ2021 11 ኳስ ነጥቆ አገሩን ሲያስጨበጭብ፣ ተጋጣሚዎች በእሱ በኩል ያገኙት ርቀትም (በያርድ ነው የሚለካው) እጅግ ብዙ ነበር። የነጠቀው ይቆጠርለታል፣ ያመለጠው ይረሳለታል።

ለዞረው ተጫዋች ግን ጥያቄው ከዚህም ይርቃል። አራተኛ ወይም አምስተኛ ኮርነርባክ ሆኖ የገባ ሰው በመከላከሉ ላይ አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ ጨዋታ ሊያልቅ ይችላል። በጨዋታ ቀን የሚሰለፉት ቢበዛ 48 ስለሆኑ፣ አሠልጣኙ የሚጠይቀው «ኳስ ተመትቶ ሲሄድ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ነው። ቤቴልን 12 ዓመት ያኖረው ይኸው ነው። ፓንት ሲመታ፣ ማለትም ቡድኑ ኳሱን በእግር መትቶ ለተጋጣሚ ሲሰጥ፣ ከሜዳው ዳር ተነስቶ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰው እየገፋው፣ ኳሱን የተቀበለው ሰው ከመሮጡ በፊት እሱን መጣል። ለፕሮ ቦውል ሦስቱንም ጊዜ የመረጡት ለዚህ ሥራው ነው።

«ከ30 በኋላ ኮርነርባክ አለቀ፤ አዲስ ቡድንም ከዜሮ መጀመር ነው»

እግር መድከሙ እውነት ነው። ቴረንስ ኒውማን ግን እስከ 2017 ተጫውቷል፤ በዚያ ዓመት 39 ሞልቶታል። ቡድኖቹን በተራ ስናይ ምስጢሩ ይገለጣል፦ ዳላስ፣ ሲንሲናቲ፣ ሚኒሶታ። በሦስቱም ቦታ ማይክ ዚመር ነበረ፦ ዳላስ የመከላከል አሠልጣኝ፣ ሲንሲናቲም እንዲሁ፣ ሚኒሶታ ዋና አሠልጣኝ። ኒውማን ከተማ ሲቀይር የመከላከያውን ቋንቋ አልቀየረም። ዚመርም ወጣቶቹን የሚያስተምርለት፣ ጨዋታውን ቀድሞ የሚያነብ ሰው አገኘ። አሠልጣኝ ሲዛወር የሚያምናቸውን ተከላካዮች ማስከተሉ እዚያ የተለመደ ነው።

«በድራፍት ያልተመረጠ በሩ ተዘግቶበታል»

ማልኮም በትለር በ2014 ከዌስት አላባማ ሲወጣ ማንም አልመረጠውም፤ ኒው ኢንግላንድ ለሙከራ ጠርቶ አስቀረው። የካቲት 1 ቀን 2015 በሱፐር ቦውሉ መጨረሻ ሲያትል ከግብ መስመሩ አንድ ያርድ ላይ ሳለ ኳሷን ነጠቀ፤ 28 ለ 24 አለቀ። ዕድል ነው የሚሉ አሉ። በዚያው ሰሞን ልምምድ ላይ ያንኑ ዘዴ ሲሞክሩበት ተሸንፎ ነበር፤ አሰላለፉን ሲያይ አወቀው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ሱፐር ቦውል ያው ቡድን ለመከላከል አንዴም ሳያሰልፈው 41 ለ 33 ተሸነፈ። በትለርም ወደ ቴነሲ ሄደ።

የዴልቪን ብሮው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2006 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሲጫወት አንገቱ ተሰበረ። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ጨዋታ አላደረገም። በካናዳ ሊግ ለሃሚልተን ተጫውቶ በ2015 የትውልድ ከተማው ቡድን የሴንትስ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። በ2017 የእግሩን ስብራት የቡድኑ ሐኪሞች ተራ ምት ነው ብለውት ነበር፤ ስብራቱ ሲታወቅ ቡድኑ ሁለት የአጥንት ሐኪሞችን አሰናበተ። እሱም በኋላ ወደ ሃሚልተን ተመለሰ።

«ሁሉም ሦስት ዓመት ብቻ ነው የሚጫወተው»

የተጫዋቾች ማኅበር አማካዩ 3.3 ዓመት ገደማ ነው ይላል፤ ሊጉ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመታቸው የመክፈቻ ዝርዝር ውስጥ የገቡትን ቆጥሮ 6 ዓመት ያህል ይላል። ሁለቱም አይዋሹም፤ የሚቆጥሩት ሰው ይለያያል። ዘመኑ በመሃል የሚቆራረጥበትም አለ፦ ኤርትራዊ ዝርያ ያለው ሴፍቲ ናት በርሄ በ2014 በ5ኛው ዙር ለኒው ዮርክ ጃየንትስ ተመረጠ፣ በ2015 በእግሩ በተፈጠረ የደም መርጋት ዓመቱን ሙሉ አጣ፣ በ2018 ፒትስበርግ ነበር።

ጡረታውም የሚቆጠረው በዓመት ነው። በአንድ ውድድር ዘመን ቢያንስ ሦስት ጨዋታ በሙሉ ደመወዝ ዝርዝር ላይ የቆየ ሰው ያ ዓመት ይያዝለታል፤ ሦስት እንዲህ ያሉ ዓመታት ሲሞሉ ጡረታው ይጸናል። የልምምድ ቡድን አይቆጠርም። ሁለት ዓመት የተያዘለት ኮርነርባክ ታኅሣሥ ላይ አሥር ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ደውሎ «ለቀሩት ጨዋታዎች ና» ቢለው፣ ሚስቱን «ለአንድ ወር ነው» ብሎ በማግስቱ አውሮፕላን ይሳፈራል።