ባህላዊ ዝግመተ ለውጥ ምንድን ነው?

እናቴ ጓያ ለሽሮ ስታዘጋጅ ማታ በውሃ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት ውሃውን ትደፋና እንደገና አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ታምሰዋለች፣ ትከካዋለች፣ ከዚያ ወደ ወፍጮ። በልጅነቴ አንድ ቀን «ውሃው ለምን ይደፋል?» ብዬ ጠየቅኋት። «እናቴ ስትደፋ ነው ያየሁት» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

እኛ ከሰሜን ሸዋ፣ ከእነዋሪ አካባቢ ነን። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ጓያ በክረምቱ ማብቂያ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ሌላው እህል እምቢ ሲል እሱ እሺ ይላል። ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለው። ችግር ጠንቶ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል፣ ሽባነቱም አይድንም። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል፤ ከሌላ እህል ጋር ደባልቆ መብላትም አደጋውን ያቀልለዋል። እናቴ ኦዳፕ የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም፤ እጇ ግን ያውቀዋል።

ባህላዊ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው። ዕውቀት፣ ሙያና ሥርዓት ከሰው ወደ ሰው በመማር ይተላለፋል፤ በየመሀሉ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይመረጥና ይጠራቀማል፣ ሌላው ይጠፋል። የማኅበረሰብ አኗኗር በትውልዶች ውስጥ የሚቀየረው በዚህ መንገድ ነው። በደም ከሚወረሰው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ዘረመል የሚመጣው ከእናትና ከአባት ብቻ ሲሆን ትምህርት ግን ከጎረቤትም፣ ከአክስትም፣ ከገበያም ይገኛል። ደግሞም አባት በሥራ ብዛት ክንዱ ቢፈረጥም ልጁ ፈርጥሞ አይወለድም፤ የሥራውን ብልሃት ግን በአንድ ክረምት ሊቀስም ይችላል። ሁለቱ ውርሶች ተነካክተውም ያውቃሉ፦ ሰው ከብት አርብቶ ማለብ ከተማረ በኋላ፣ አዋቂ ሆኖም ወተት እንዲስማማው የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ በአፍሪካም በአውሮፓም ለየብቻው ተስፋፍቷል።

ታዲያ ምክንያቱን ሳያውቁ መቅዳት ሞኝነት አይደለም? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ሆርነርና ዋይትን የተባሉ ተመራማሪዎች ውስጡ ሽልማት ያለበት ሳጥን አዘጋጁ። አከፋፈቱን ሲያሳዩ የማያስፈልጉ እርምጃዎችንም ሆን ብለው ጨመሩበት። ሳጥኑ ውስጡን የሚያሳይ ሲሆን ቺምፓንዚዎቹ የማያስፈልገውን ትተው በቀጥታ ወደ ሽልማቱ ሄዱ። የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት ግን ሁሉንም እንዳዩት ደገሙት። መጀመሪያ ላይ ቺምፓንዚዋ የበለጠች ትመስላለች። እኔ ግን ጓያውን ሳስብ ለሕፃናቱ እፈርዳለሁ። ምክንያቱ ያልታየውን እርምጃ ሁሉ እየጣለ የሚሄድ ልጅ ውሃ መድፋቱንም ይጥለው ነበር፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው፣ ያኔ ማንም ከውሃው ጋር አያያይዘውም።

ይህ የመቅዳት ጠባይ ስህተትንም አብሮ ይሸከማል። ጓያ ሲቀቀል «እንፋሎቱ እንዳይነካችሁ፣ ሽባ ያደርጋል!» እየተባልን ከማጀት እንባረር ነበር። እንፋሎት ማንንም ሽባ አያደርግም፤ በሽታው የሚመጣው በመብላት ነው። ውሃ መድፋቱም እንፋሎት መፍራቱም ከአንድ አፍ፣ በአንድ ድምፅ ነው የደረሱን። ለዚህ ይመስለኛል ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው፦ የእናትን ዕውቀት ለመተካት ሳይሆን ፍሬውን ከገለባው ለመለየት።

የሰውን ትምህርት ከሌሎች እንስሳት የሚለየው ዋናው ነገር መደራረቡ ነው። በአፋር ጎና ላይ እነ ዶክተር ስለሺ ሰማው ያገኟቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ ያ አሠራር እጅግ ረጅም ዘመን ብዙም ሳይለወጥ ቆይቷል። አሁን ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው። በእነዋሪ ገበሬው ከነልጆቹና ከነሚስቱ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እየሳበ መደብና ቦይ ይሠራል፤ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው በመደቡ ላይ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ማረሻው የነበረ፣ መደቡም የነበረ ነው። አዲሱ ነገር መጋጠማቸው ነው።

መደራረብ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። ታዝማኒያ ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የባሕር ውሃ ከፍ ብሎ ከአውስትራሊያ ሲለያት፣ በደሴቲቱ የቀሩት ጥቂት ሰዎች በጊዜ ሂደት የአጥንት መሣሪያ መሥራትንና ዓሣ መብላትን ተዉ። ተመራማሪው ጆሴፍ ሄንሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 ምክንያቱ የተማሪና የአስተማሪ ቁጥር ማነስ ነው ብሎ አስረድቷል። የሚከራከሩት አሉ፤ ሐሳቡ ግን ለእኛ ቅርብ ነው።

ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መንዝ ላይ ያለውን ጓሳ የተባለ የሣር መሬት ተመልከቱ። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ቄሮ በሚባል የአካባቢው የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋና ጊዜው ሲደርስ እየተከፈተ ይጠበቅ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ የቆመበት የርስት መሠረት ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ በአሮጌው ልማድ ላይ ተመሥርቶ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፣ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። የቄሮው ነገር ከሰዉ አእምሮ ጨርሶ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ደንቡ በምን ላይ ይመሠረት ነበር?

እህቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፤ ሽሮ የተፈጨ ትገዛለች፣ ልጇም ጓያ ሲዘፈዘፍ አይታ አታውቅም ነበር። ባለፈው ለፋሲካ እናታችን ዘንድ ስንሄድ ጠዋት ዕቃውን ይዛ ውሃውን የደፋችው ልጅቷ ናት። «ለምንድን ነው የሚደፋው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።