አስፋልቱ ሲጠገን የገጠሩ መንገድ ለምን ይቀራል?

በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው አስፋልት ሲጠገን፣ ከእሱ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ የሚገባው የጠጠር መንገድ ለምን እንደሚቀር ደጋግሞ የሚጠየቀው ሁለቱም የአንድ መሥሪያ ቤት ስለሚመስሉ ነው። ባለቤታቸው ግን ይለያያል፤ አስፋልቱ በፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ሥር ሲሆን፣ የገጠሩ እንደ ደረጃው የክልሉ ወይም የወረዳው ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበውን የጥገና ገንዘብ ለፌዴራል፣ ለክልሎችና ለከተሞች ያከፋፍላል፤ ትልቁ ድርሻም የፌዴራሉ ነው። ባለቤቱ ሌላ ስለሆነ ለወረዳ መንገድ የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት ፍሬ የለውም።

ይህ የባለቤትነት ክፍፍል በየክልሉ ያው ነው። ከቦታ ቦታ የሚለያየው የወረዳው በጀት፣ የማሽን አቅርቦት፣ የጸጥታው ሁኔታና አፈሩ ነው፤ በመረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ የተሠራ የጠጠር መንገድ የውኃ መውረጃ ቦዩ ከተደፈነ ክረምቱን መሻገር ይቸግረዋል፤ በእኔ እምነት ከገንዘብ እጥረቱ ይልቅ የቦይ ጠረጋው መዘንጋት ይብሳል።