ጥቁሮች በሃርቫርድ፦ ከባርነት እስከ ፕሬዚዳንትነት

ጥቁሮች ሃርቫርድ ግቢ ውስጥ መኖር የጀመሩት ተማሪ ሆነው አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከተመሠረተበት ከ1636 እ.ኤ.አ. አንስቶ በማሳቹሴትስ ባርነት እስከተወገደበት እስከ 1783 ድረስ ፕሬዚዳንቶቹ፣ መምህራኑና ሠራተኞቹ ከ70 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘው ነበር። ይህን በ2022 ባወጣው ዘገባ ያመነው ራሱ ሃርቫርድ ነው። የዘገባውን ምክረ ሐሳቦች ለመፈጸምም 100 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

ግቢው ዳር ላይ ዋድስዎርዝ ሃውስ የሚባል ቢጫ የእንጨት ቤት አለ። የድሮ ፕሬዚዳንቶች መኖሪያ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ግድግዳው ላይ አራት ስሞች ተቀርጸው ይነበባሉ፦ ታይተስ፣ ቬነስ፣ ቢልሃና ጁባ። አራቱም እዚያ ቤት ያገለገሉ ባሮች ናቸው።

በተማሪነት የመግባቱ ታሪክ በመባረር ይጀምራል። በ1850 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ማርቲን ዴላኒን ጨምሮ ሦስት ጥቁሮችን ተቀበለ። ነጭ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። ዲኑ እጅ ሰጠ፤ ሦስቱም የጀመሩት ወቅት ሲያልቅ እንዳይመለሱ ተነገራቸው። ከሃርቫርድ ኮሌጅ ለመመረቅ የበቃው የመጀመሪያው ጥቁር ሪቻርድ ግሪነር ነው፤ በ1870። የግሪነር ወረቀቶች በ2009 ሊፈርስ በተዘጋጀ የቺካጎ ቤት ጣሪያ ሥር፣ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ተገኙ። ዲፕሎማውም ከመካከላቸው ነበር። በ1895 ደግሞ የጥቁሮች መብት ታጋይና ምሁር የነበረው ዱ ቦይስ ከሃርቫርድ ዶክትሬት በማግኘት ቀዳሚው ጥቁር ሆነ። በኋላ ያን ዘመን ሲያስታውስ፣ ሃርቫርድ ውስጥ ነበርኩ እንጂ የሃርቫርድ አልነበርኩም ብሏል።

ምን ማለቱ እንደሆነ የዶርም ታሪክ በደንብ ያሳያል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሎውል አንደኛ ዓመት ተማሪ በሙሉ ዶርም ውስጥ ይኑር የሚል ደንብ አወጣ። ለጥቁሮች ግን በሩን ዘጋ። በ1922 ከተከለከሉት አንዱ የሮስኮ ብሩስ ልጅ ነበር። አባትየው ራሱ የሃርቫርድ ምሩቅ፣ አያትየው ደግሞ ሚሲሲፒን የወከለ ሴናተር ናቸው። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሰው ሲንጫጫ፣ በ1923 የበላይ ቦርዱ ክልከላውን ሻረ። ነጭና ጥቁር አብረው እንዲኖሩ ግን አይገደዱም የሚል ሐረግ አስገባበት። ያቺ ሐረግ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ይቻላል። በ1929 የገባው ዩዋርት ጊኒየር ዶርም ተከልክሎ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ጥሎ ሄደ።

መምህራኑም ቢሆኑ አልቀናቸውም። ዊልያም ሂንተን የቂጥኝ ምርመራ ዘዴ የፈለሰፈ ሐኪም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሮ ፕሮፌሰር የተባለው በ1949፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በሃርቫርድ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሰርም እሱ ነው። ጥቁር ሴት በቋሚ ፕሮፌሰርነት ለማየት ደግሞ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ፣ እስከ ሙዚቃ ምሁሯ አይሊን ሳውዘርን መጠበቅ ግድ ነበር።

ነገሩን የለወጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ በኋላ ግፊታቸው በርትቶ፣ በ1969 የአፍሮ አሜሪካን ጥናት ክፍል ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ ማን ሆነ? ያ ዶርም የተከለከለው ጊኒየር።

የክፍሉ የመጀመሪያ ፕሮፌሰር ደግሞ የኛው ሰው ናቸው። ነጆ፣ ወለጋ የተወለዱት ኤፍሬም ይስሐቅ። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በሽምግልናቸው ነው፤ ይህን የሕይወታቸውን ምዕራፍ የሚያነሣው ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝናል። ግዕዝን የመሰለ ጥንታዊ ቋንቋ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ዶክትሬታቸውንም ከዚያው ከሃርቫርድ ያገኙ ምሁር ናቸው። ሆኖም በ1970ዎቹ ቋሚ የመምህርነት ቦታ ተከለከሉ። ዝም አላሉም፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብለው ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ክርክሩ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘልቋል።

ክፍሉ በ1990ዎቹ በሄንሪ ሉዊስ ጌትስ መሪነት ገናና ሆነ። አፍሪካንም በስሙ ያካተተው በ2003 ነው።

በሐምሌ 2023 ክላውዲን ጌይ የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነች። ስድስት ወር ቆይታ በብርቱ ውዝግብ መሀል ለቀቀች። እሷ ሥራ ልትጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ከግምት ያስገባ የተማሪ ቅበላን ከልክሎ ነበር። ሃርቫርድም ከተከሳሾቹ አንዱ ነበር። ከአዲስ ገቢዎች ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ በ2024 ከ18 ወደ 14 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ ወደ 11.5 በመቶ ወርዷል።