ራስን የማጥፋት አደጋ መለኪያ ቅጾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሚሠሩ ነርሶችና ለመመረቂያ ጥናት መረጃ ከሚሰበስቡ ተማሪዎች ጋር፣ ራስን የማጥፋት አደጋን በነጥብ ስለሚለኩ የጥያቄ ቅጾች ሲወራ፣ የሚከተሉት አባባሎች ደጋግመው ይነሳሉ።

«ከጠየቅነው ሐሳቡን እናስገባበታለን»

አናስገባበትም። ጥናቶች መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚያባብስ አላሳዩም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ጠይቁ ይላል። የሚያበላሸው አጠያየቁ ነው። አንዲት ታካሚ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ብትጠየቅ መልሷ የታወቀ ነው፤ ቅጹ ላይ «የለም» ተብሎ ይሞላል፣ ያ ደግሞ ከባዶ ወረቀት ይብሳል።

«ውጭ አገር ተረጋግጧል፣ ወደ አማርኛም ተተርጉሟል፤ በቃ»

መለኪያ በደፈናው ትክክለኛ አይባልም። ለማን፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለምን ዓላማ? ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ ቅጽ፣ ፒኤችኪው-9፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የተፈተነው ግን ድባቴን ለመለየት እንጂ ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ አይደለም። ዘጠነኛው ጥያቄ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚለውን ስሜትና ራስን የመጉዳትን ሐሳብ አንድ ላይ ስለሚጠይቅ፣ «አዎ» ያለው ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ሳይከተል አይታወቅም። በዚያ ላይ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ሲመጡ ነርሷ የአማርኛውን ቅጽ እያየች በቃሏ ትተረጉማለች። ያ የተፈተነው ቅጽ አይደለም።

«ክሮንባክ አልፋው 0.9 ስለሆነ ትክክለኛ ነው»

ቁጥሩ የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ብቻ ነው። ሁልጊዜ 200 ግራም የሚያጎድል የጉልት ሚዛንም ከራሱ ጋር ይስማማል። በየመመረቂያ ጽሑፉ ይህ ቁጥር ብቻውን እንደ ማስረጃ ሲቀመጥ ማየት ሰልችቶኛል። የቅጹን ውጤት የማያውቅ የአእምሮ ሐኪም ያንኑ ታካሚ መርምሮ ሁለቱ ውጤቶች መነጻጸር አለባቸው፤ ስለ ትንበያ ከሆነ ደግሞ ታካሚዎቹን ለዓመታት መከታተል ግድ ነው።

«ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው አደጋ ላይ ነው፤ ዝቅተኛ ያመጣው ወደ ቤቱ ይሂድ»

ከሁሉም የሚጎዳው ይኸኛው ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው፦ ከ10,000 ታካሚዎች 10ሩ ራሳቸውን የሚያጠፉ ቢሆኑ፣ ቅጹም ከነዚህ 8ቱን የሚይዝና ከቀሪዎቹ 80 በመቶውን በትክክል ነፃ የሚያደርግ ቢሆን፣ «አደጋ ላይ» የሚባሉት 2,006 ናቸው። ከነሱ 1,998ቱ በስህተት። ይህን ያመጣው የጥያቄዎቹ ድክመት ብቻ ሳይሆን የድርጊቱ ብርቅነት ነው፤ ጥያቄ ቢጨመርም ብዙ አይለወጥም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሌክስ ፖኮርኒ 4,800 የቀድሞ ወታደሮችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት፣ ራሳቸውን ካጠፉት 67 ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አደጋቸው ከፍ ያለ ነው ከተባለው ቡድን ውጭ ነበሩ። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያም እነዚህን ቅጾች ለመተንበይም ሆነ ማን ሕክምና ያግኝ፣ ማን ይሰናበት የሚለውን ለመወሰን አትጠቀሙ ይላል።

ታዲያ ቅጹ ይጣል? አይጣል፤ ጨዋታ ለመክፈት ይረዳል፣ በተለይ መጠየቅ ለሚፈራ ጀማሪ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ግን ነጥብ መደመሩ ይቆይና ሐሳቡ መቼ እንደጀመረ፣ እስካሁን ምን እንዳገደው ይጠየቅ። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት ማን እንደሚያርቅ፣ ሌሊት ሲብስበት ማንን እንደሚጠራ ከሚያምነው ሰው ጋር ተነጋግሮ ይጻፍ። አደጋው ቅርብ ከሆነ ለብቻው ሳይተው፣ ሰው ተከትሎት ወደ አእምሮ ሕክምና ይላክ። ነጥቡ ዝቅ ያለውም ቀጠሮ ይዞ ይሂድ።